ማዕከላዊ ደሴት (ቱርካና ሐይቅ)

ማዕከላዊ ደሴት በሰሜን ኬንያ፣ በቱርካና ሐይቅ መሐል የሚገኝ የእሳተ ገሞራ ደሴት ነው። ስፋቱ 5 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ቋሚ ነዋሪ የለውም። ከኢትዮጵያ ድንበር ማዶ ቢሆንም የሐይቁ ሕይወት ከጅማ ደጋ ዝናብ ጋር የተያያዘ ነው። የጅማን ዙሪያ ውሃ የሚሰበስበው ግልገል ጊቤ በጊቤ በኩል የኦሞን ወንዝ ይቀላቀላል። ሐይቁ ከሚያገኘው ውሃ 90 በመቶ ያህሉን የሚያመጣው ኦሞ ነው። ሐይቁ መውጫ ስለሌለው የገባው ውሃ ሁሉ በበረሃው ሙቀትና ነፋስ ይተናል።

ደሴቱ ጥቁር የገሞራ ድንጋይና አመድ የለበሰ፣ እምብዛም ዛፍ የማይታይበት ነው። አንዳንድ ስንጥቆቹ ዛሬም እንፋሎት ይተፋሉ። ትልልቆቹ የእሳተ ገሞራ አፎች ውሃ ቋጥረው የአዞ፣ የፍላሚንጎና የቆሮሶ ሐይቆች የሚባሉ ሦስት ሐይቆች ሆነዋል። ሐይቅ መሐል ባለ ደሴት ላይ ሌላ ሐይቅ ማየት በራሱ ብርቅ ነው፤ እዚህ ግን ሦስቱም በየራሳቸው ቀለም ይታያሉ።

የደሴቱ ዋና ባለቤት የናይል አዞ ነው። እናቲቱ እንቁላሎቿን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ሦስት ወር ያህል ትጠብቃለች። ግልገሎቹ ወንድ ወይም ሴት መሆናቸውን የሚወስነው የአሸዋው ሙቀት ነው። ከእንቁላሉ ውስጥ ሆነው መጮህ ሲጀምሩ አሸዋውን ቆፍራ ታወጣቸዋለች፤ ከብት በሚሰብረው መንጋጋዋ በቀስታ ይዛም ወደ ውሃ ታደርሳቸዋለች። ሰማዩ ደግሞ የፍላሚንጎና የዓሣ በል ንስር ነው፤ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎችም በሐይቁ ያርፋሉ።

አዞውም ሆነ ሐይቁ ውስጥ ያለው ናይል ፐርች የተባለ ዓሣ የዓባይ ዘመዶች ናቸው። አካባቢው ርጥብ በነበረበት ጥንታዊ ዘመን ሐይቁ ሞልቶ እየፈሰሰ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኝ ነበር።

ደሴቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ከሲቢሎይ ብሔራዊ ፓርክ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ2001 የዚያው ሐይቅ ደቡብ ደሴት ተጨመረ። በ2018 ቅርሱ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከምክንያቶቹ ዋነኛው በ2016 የተመረቀው፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የኢትዮጵያ ግድብ ግልገል ጊቤ 3 በኦሞ ፍሰት ላይ የሚያስከትለው ለውጥ ነበር። ኢትዮጵያ መብራት ያስፈልጋታል፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን የሐይቁ ዓሦች የሚባዙት የክረምቱን ጎርፍ ተከትለው ነው፤ አዞውም ዓሣ በል ወፉም የሚኖሩት በዓሣው ነው። በቅርብ ዓመታት የሐይቁ ውሃ ከፍ ማለቱም ስጋቱን አያስቀረውም፤ የጎርፉ ወቅት ከውሃው መጠን እኩል ያስፈልጋል። ስለዚህ ግድቡ ውሃ የሚለቅበት ጊዜ የሁለቱ አገሮች ባለሙያዎች አብረው ሊመክሩበት የሚገባ ጉዳይ ነው።