የዐጸድ ደንና የዝናብ አወራረድ በሰሜን ሸዋ

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ አንኮበር ይገኛል። ከአንኮበር በስተሰሜን፥ በዚያው ገደላማ አፋፍ ላይ የወፍ ዋሻ ደን አለ። ጥድ፥ ዝግባ፥ ወይራና ኮሶ ይበቅሉበታል። ጥድና ወይራ የብዙ አብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ጌጥም ናቸው። እንዲህ ያለው ደን ረጅሙን በጋ ቅጠሉን ሳያረግፍ የሚያልፍ ደረቅ የደጋ ደን ነው። በዚህ ጽሑፍ የዝናቡ አወራረድ ዛፍ የሚይዘውን ውኃ እንዴት እንደሚወስን፥ ይህም ለዐጸድ ጥበቃ ምን እንደሚያስተምረን እንመለከታለን።

ዝናብ በዛፍ ላይ ሲያርፍ

በዛፍ ላይ ከሚወርደው ዝናብ ከፊሉ በቅጠልና በቅርንጫፍ ላይ ቀርቶ ይተናል። ከፊሉ በቅጠሎች መካከል አልፎ ወይም ተንጠባጥቦ መሬት ይደርሳል። ጥቂቱ ደግሞ ግንዱን ተከትሎ ወደ ሥሩ ይወርዳል። አንኮበርን በመሰለ ጉም በሚያዘወትረው አፋፍ ቅጠሎች የጉሙን እርጥበት ሰብስበው ሊያንጠባጥቡም ይችላሉ።

ካፊያና ዶፍ

ቅጠል የሚይዘው ውኃ ልክ አለው። ለምሳሌ የአንድ ደን ቅጠል በአንድ ጊዜ 2 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይይዛል እንበል። 4 ሚሊ ሜትር ካፊያ ቢወርድ ግማሹ በቅጠል ላይ ይቀራል። 40 ሚሊ ሜትር ዶፍ በአንድ ጊዜ ቢወርድ ግን የሚቀረው ከመቶ 5 እጅ ብቻ ነው። ያው 40 ሚሊ ሜትር በ10 ቀን ተከፋፍሎ ቢዘንብና ቅጠሉ በየመካከሉ ቢደርቅ 20 ሚሊ ሜትሩ በቅጠል ላይ ይቀራል። ስለዚህ የዝናቡን መጠን ብቻ ሳይሆን አወራረዱንም ማወቅ ያስፈልጋል። በልግ በካፊያ ብቻ ካለፈ ወደ ሥር የሚደርሰው ውኃ ያንሳል፤ በክረምት ዶፍ ጊዜ ግን አብዛኛው ውኃ መሬት ይደርሳል።

ከዛፉ ሥር ያለው

ይህ ማለት ዛፍ ውኃ ያስቀራልና ይቆረጥ ማለት አይደለም። ዶፉን የሚቀበለው ከዛፉ ሥር ያለው ቁጥቋጦ፥ ሣርና የረገፈ ቅጠል ነው። እነዚህ ውኃውን አዘግይተው ወደ አፈር ያሰርጉታል። መሬቱ ከተራቆተ ግን ከረጅም ዛፍ የሚወርደው ትልቅ ጠብታ አፈሩን ይመታል፤ ጎርፉም ይጠርገዋል። በባሕር ዛፍ ሥር መሬቱ ባዶ ሲሆን የሚታየው ይህ ነው። ረጅም ዛፍ ብቻውን አፈርን አይጠብቅም።

ከአንኮበር አፋፍ የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ፥ የደብረ ብርሃኑ በሬሳ ወንዝ ደግሞ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ዐጸድ ሲራቆት ጉዳቱ ከቅጥሩ ውጭም ይዘልቃል።

እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት መሆኑን ቅዱስ መጽሐፍ ያስተምረናል (ዘፍ. 2፥15)። እንግዲህ ካህናት፥ ሰበካ ጉባኤና ምእመናን ሁላችን በደኑ ውስጥ የረገፈውን ቅጠል ባለመጥረግ፥ ከብት እንዳይገባ ቅጥሩን በማጠር፥ በአረጁት ዛፎች ሥርም የጥድ፥ የወይራና የዝግባ ችግኝ በመትከል የአባቶቻችንን አደራ እንጠብቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።