የገመድ ጫፍና የቻተሁቺ መሻገሪያዎች

እ.ኤ.አ. በ2005 ራሷን የቻለች ከተማ የሆነችው፣ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ያለችው ሳንዲ ስፕሪንግስ በቻተሁቺ ወንዝ ዳር በመገኘቷ የቀድሞ ታሪኳ ከገመድ ጋር የተቆራኘ ነው። ፓወርስ ፌሪ፣ ጆንሰን ፌሪና ሄርድስ ፌሪ የተባሉት መንገዶች ስማቸውን የወረሱት፣ ድልድይ ከመሠራቱ በፊት ሰውንና ጋሪን ያሻግሩ ከነበሩ ጠፍጣፋ ጀልባዎች ሲሆን፣ እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ጎርፍ እንዳይወስዳቸው ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ ገመድ ይመሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1864፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት፣ የሰሜኑ ጦር አዛዥ የጄኔራል ሾፊልድ ወታደሮችም በዚሁ አካባቢ ወንዙን የተሻገሩት በጀልባና በተንሳፋፊ ድልድይ ነው።

ጀልባን የሚመራ ገመድ እንደ ማንኛውም ገመድ ከብዙ ክሮች ተገምዶ የሚሠራ በመሆኑ፣ የተቆረጠው ጫፉ ካልታሰረ መፈታቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ባለሙያው ቀጭን ሲባጎ በጫፉ ላይ አጥብቆ እየደጋገመ ይጠመጥማል፤ የጥምጥሙ ርዝመት ቢያንስ የገመዱን ውፍረት ያህል እንዲሆን ካደረገም በኋላ የሲባጎውን ጫፍ ከጥምጥሙ ሥር ስቦ ይደብቃል። ይኸው ጥበብ በመሣሪያ እጀታ ላይ ሲውል የእንጨቱን ስንጥቅ ይገታል፣ እጅ እንዳይንሸራተትም ይረዳል። በኢትዮጵያ ሞፈርን ከቀንበር የሚያያይዘው ምራን የተባለው የቆዳ ጠፍርም የዚህ ጥበብ የቅርብ ዘመድ ነው። ጀልባዎቹ በድልድይ ቢተኩም፣ ትንሽ ጥምጥም ትልቅ ሸክም እንደሚጠብቅ የሚያስተምረው ይህ እውቀት ሊጠበቅ የሚገባው ቅርስ ነው።