«የተበረከተ» እና «ለማበርከት የሚበቃ»፦ ስለ ኤም አንድ ካርባይን ስያሜ

በአማርኛ ከሚነገሩት የጠመንጃ ስሞች ብዙዎቹ የፈልሳፊዎች ስሞች ናቸው። ስናድር ከስናይደር፣ ውጅግራም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር የመጡ ናቸው። ካርባይን ግን የሰው ስም አይደለም። በፈረንሳይኛ «ካራቢን» ቀድሞ የፈረሰኛ ጦር ይይዘው የነበረ አጭር ጠመንጃ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን በአገራችን የታወቁት የኢጣሊያ ካራቢኜሪዎችም ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ መሣሪያ ነው። እኛ ዛሬ የምንለው «ካርባይን» በአጠራሩ የእንግሊዝኛውን ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ በአሜሪካ መሣሪያ መዋጋቱን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1941 የአሜሪካ ጦር የተቀበለው ኤም አንድ ካርባይን ከፈረስ ጋር አንዳችም ግንኙነት የለውም። የታሰበው ዋና ሥራቸው ተኩስ ላልሆነ ወታደሮች፣ ማለትም ለመድፈኛ፣ ለመገናኛ ሠራተኛ፣ ለሾፌርና ለመኮንን ነበር። ክብደቱ 2.4 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ የእግረኛው ጋራንድ ጠመንጃ ከ4 ኪሎ ያልፋል። ስለዚህ «የፈረሰኛ ጠመንጃ» የሚለው ፍች ታሪክን ይነግራል እንጂ መሣሪያውን አያስረዳም። «አጭር ጠመንጃ» ቢባልም መልኩን እንጂ ግዳጁን አይገልጽም። ቃሉን እንዳለ መውሰዱ ይሻላል።

አስቸጋሪው ከስሙ ጋር የሚመጣው ቅጽል ነው። እስከ 1945 ድረስ 10 ዋና አምራቾች ከ6 ሚሊዮን በላይ ካርባይን ሠርተዋል። ከእነዚህ አንዱ በቺካጎ ከተማ ሳንቲም ሲጎርሱ ዘፈን የሚያሰሙ ሣጥኖችን ይሠራ የነበረው ሮክ ኦላ ነው (ስሙ ከሙዚቃው ስልት የመጣ ቢመስልም የመሥራቹ የዴቪድ ሮኮላ የቤተሰብ ስም ነው)። ለጦር ሜዳ የሚላከው ካርባይን ብረቱ ብርሃን እንዳያንጸባርቅ በፎስፌት ታክሞ ግራጫ ይሆናል፤ እንጨቱም ያለ ጌጥ ነው። ሮክ ኦላ ግን ጥቂቶቹን ለኃላፊዎቹ መታሰቢያ እንዲሆኑ ለይቶ ብረታቸውን አስወልውሎ፣ እንጨታቸውን መርጦ ሰጥቷል። ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጓቸው እነዚህን ነው። ለተኳሽ ጠላት የሚያሳይ ውልውል ብረት በጦርነት ጊዜ ነውር ነበር፤ የስጦታው ክብርም ከዚሁ ከነውሩ የመጣ ነው።

እንዲህ ያለውን ካርባይን «የማቅረቢያ» ወይም «የማሳያ» ብሎ የሚተረጉም ሰው አንባቢውን ያሳስታል፤ የማይተኩስ አምሳያ ያስመስለዋልና። አማርኛ በዚህ ረገድ ቃል አላጣም፤ እንዲያውም ከእንግሊዝኛው ይልቅ ጠንቃቃ ነው። እጅ መንሻና ገጸ በረከት ከታች ወደ ላይ የሚቀርቡ ናቸው። ሽልማት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ በነገሥታቱ ዘመን በብር የተለበጠ ጋሻና ጎራዴ ለጦር አለቃ የሚሰጠው በሽልማት ነበር። ስለዚህ ተርጓሚው ማን ለማን እንደ ሰጠ ሳያውቅ ቃል መምረጥ አይችልም። ኩባንያ ለገዛ ኃላፊው የሰጠው ሽልማት ነው፤ ገጸ በረከት ቢባል የሰጪና የተቀባይ ቦታ ይገለበጣል።

ከዚህም የከፋው «የስጦታ ደረጃ» የሚለው የነጋዴዎች አነጋገር ነው። ይህ ሐረግ መሣሪያው ለአንድ ሰው መሰጠቱን አይመሰክርም፤ አሠራሩ ስጦታ ለመሆን የሚበቃ ነው ማለት ብቻ ነው። ገዢው ግን የመጀመሪያውን ሰምቶ ይከፍላል። ከጦርነቱ በኋላ አብዛኛው ካርባይን በመንግሥት ግምጃ ቤቶች ተፈታትቶና ክፍሎቹ ተደባልቀው ስለ ታደሰ፣ በኋላ የተወለወለውን ከመጀመሪያው መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል። በአማርኛ «የተበረከተ» ስንል የተፈጸመ ድርጊት እንናገራለን፤ «ለማበርከት የሚበቃ» ስንል የእጅ ሥራ እንመዝናለን። በሙዚየም መግለጫም ሆነ በመዝገበ ቃላት ሁለቱ ለየብቻ ይግቡ፤ የተቀባዩ ስም ወይም የስጦታው ሰነድ በሌለበትም «የተበረከተ» አይጻፍ።