የቤንዚንና የትልቁ መደብር ጋብቻ

እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። ከዚያ በፊት አገር ቤት ሳለሁ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበር። የዛሬው ጽሑፌ ሁለቱን ሥራዎቼን ያገናኛል። ርዕሰ ጉዳዩ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ይኸውም በትላልቅ የቅናሽ መደብሮች ደጃፍ ስለተተከለው ነዳጅ ማደያ ነው። ቅዳሜ አስቤዛ ልንገዛ ስንሄድ ከዚያ ተራ ውስጥ ገብተን ጥቂት ሳንቲም ለማትረፍ ያልቆምን ጥቂቶች ነን። ለመሆኑ ያ ማደያ እንዴት እዚያ ሊቆም ቻለ? ቤንዚኑስ ለምን ረከሰ? ቅናሹን የሚከፍለውስ ማን ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቤንዚን ዋጋ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ለአገራችን ሰው መንገር አያሻም። በ1973 የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ጥለው የዓለም ዋጋ ሲንር፣ የአዲስ አበባ ቤንዚንም ተወደደ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን መምህራንም የትምህርት ዘርፍ ክለሳውን ተቃውመው አድማ መቱ። መንግሥት በቀናት ውስጥ የቤንዚኑን ዋጋ ቀነስ አደረገ፤ ክለሳውንም አዘገየ። የተጀመረው ነገር ግን በዚያ አልቆመም፤ መስከረም ሲጠባ ዘውዱን ይዞት ሄደ። እኔ ያኔ አልተወለድሁም። ይህንን ምዕራፍ ለተማሪዎቼ ሳስተምር አንድ ቀን ከመምህራኑም ከታክሲ ነጂዎቹም ወገን እቆጠራለሁ ብዬ ግን አላሰብሁም ነበር።

አሁን ወደ አሜሪካ እንምጣ። ቤንዚን መጀመሪያም ቢሆን የሱቅ ሸቀጥ ነበር። መኪና ብርቅ በነበረበት ዘመን ባለመኪናው ከመድኃኒት ቤት ወይም ከሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ በቆርቆሮ እየገዛ፣ በማጥለያ ወደ ታንከሩ ይገለብጠው ነበር። ለመኪና ተብሎ ታቅዶ በመሠራቱ እንደ መጀመሪያ የሚቆጠረውን ማደያ ገልፍ የተባለው ኩባንያ በፒትስበርግ ከተማ ታኅሣሥ 1 ቀን 1913 ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ቤንዚን ከሱቁ ተለይቶ የራሱን ቤት ሠራ። ዩኒፎርም የለበሰ ሠራተኛ ቤንዚን እየቀዳ መስተዋት ይወለውላል፤ የሞተር ዘይት ያያል፤ ጎማ ይነፋል። ማደያው የአንድ ሰፈር ሰው መተዳደሪያ ሆነ።

ቤንዚን ወደ ሱቁ እንዲመለስ መንገድ ከጠረጉት ሰዎች አንዱ ሶል ፕራይስ የሚባል የሳን ዲዬጎ ጠበቃ ነው። በ1954 በአንድ መጋዘን ውስጥ ፌድማርት የተባለ መደብር አቋቋመ። ደንበኞቹ የአባልነት ክፍያ የሚከፍሉ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። የፕራይስ ዘዴ አጭር ነው፤ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጥቂት ማትረፍ፣ ብዙ መሸጥ። በዚሁ ዘዴ ከልብሱና ከምግቡ ጎን ቤንዚንም ይሸጥ ጀመር። በዚያ መደብር ፍራሽ ከማውረድ ሥራውን የጀመረ ጂም ሲኔጋል የሚባል ተማሪ ነበር። ይህን ስም እንያዝ፤ እንመለስበታለን።

ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ1962፣ የቅናሽ መደብር በአሜሪካ ምድር ፈላ። በዚያው በአንድ ዓመት ኬማርት በሚሺጋን፣ ታርጌት በሚኔሶታ፣ ዋልማርት በአርካንሶ የመጀመሪያ መደብሮቻቸውን ከፈቱ። የሁሉም ምሥጢር ከከተማው መካከል ወጥቶ ሰፊ ቦታ መያዝና መኪና በነፃ ማቆም ነበር። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ደንበኛው ሁሉ በመኪና የሚመጣበት ገበያ ተፈጥሯል ማለት ነው። መኪናው ደጃፍ ላይ ከቆመ ዘንድ ቤንዚን የመሸጥ ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም።

ይሁንና ጋብቻው እስኪሞላ ሦስት ነገሮች መገጣጠም ነበረባቸው። አንደኛው ቤንዚን ራስን ችሎ መቅዳት ነው። ፍራንክ ኡልሪክ የተባለ ሰው በሎስ አንጀለስ በ1947 ይህንን በሰፊው ጀመረ። ኒው ጀርሲ በ1949፣ ኦሪገን በ1951 በሕግ ከለከሉት፤ ኦሪገን በመላ ግዛቷ የፈቀደችው ገና በ2023 ነው፤ ኒው ጀርሲ ግን እስከ ዛሬ እንደ ከለከለች አለች። በሌላው አገር ሁሉ ከ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ልማድ ሆነ። ሁለተኛው ከፓምፑ ላይ በካርድ መክፈል ነው። ይህም በ1980ዎቹ ተጀምሮ ሲስፋፋ፣ ብዙ ፓምፕ ያለውን ማደያ አንድ ሠራተኛ ብቻ ሊጠብቀው ቻለ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነው። ከመሬት በታች የተቀበሩ አሮጌ የብረት ታንከሮች ዝገው ቤንዚኑ ወደ ጉድጓድ ውኃ ይገባ ስለ ነበር፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በ1988 ደንብ አወጣ። ባለማደያዎች ሁሉ እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 1998 ድረስ ታንከራቸውን እንዲያድሱ፣ እንዲለውጡ ወይም እንዲዘጉ ታዘዙ። ደንቡ ለሕዝብ ጤና ተገቢ ነበር። ዳሩ ግን ታንከር ቆፍሮ አውጥቶ አዲስ መቅበር ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ አቅም ያልነበራቸው ብዙ ትንንሽ ማደያዎች ዘጉ። ትልቁ መደብር የመጣው ልክ በዚያን ጊዜ ነው፤ መሬቱ አለው፤ ታንከሩ አዲስ ነው፤ ደንበኛው ደጁ ላይ ቆሟል።

ያ ፍራሽ አውራጅ ተማሪ ጂም ሲኔጋል በ1983 ከባልደረባው ጋር ሆኖ ኮስኮን በሲያትል መሥርቶ ነበር። ፕራይስም በ1976 ፕራይስ ክለብ የሚባል ሌላ መደብር ከፍቶ ስለ ነበር፣ ሁለቱ ኩባንያዎች በ1993 ተዋሐዱ። ኮስኮ በ1995 በአሪዞና ቱሶን ከተማ የመጀመሪያውን ነዳጅ ማደያውን ከፈተ። በዓመቱ፣ በ1996፣ መርፊ የተባለው የአርካንሶ የነዳጅ ኩባንያ በቴኔሲ ቻታኑጋ ከተማ በዋልማርት የመኪና ማቆሚያ ላይ ማደያ ተከለ። ሥራው አድጎ የመርፊ ማደያዎች ከ1,000 በላይ ሆኑ፤ በ2013ም ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነው ወጡ። ዋልማርት ደግሞ በ2016 ከእንግዲህ አዲሱን ማደያ እኔው እሠራለሁ አለ። ሥራው ባያዋጣ ኖሮ ባለቤቱ ራሱ ለመግባት ባልቸኮለ ነበር።

ታዲያ ምን አዋጣው? ከቤንዚን የሚገኘው ትርፍ በጋሎን የሳንቲሞች ጉዳይ ነው። ትንሹ ማደያ በእነዚያ ሳንቲሞች፣ እንዲሁም በቡናው፣ በሲጋራውና በሎተሪው ይኖራል። ትልቁ መደብር ግን በቤንዚን አይተዳደርም። ለእርሱ ቤንዚን ማባበያ ነው፤ ሊቀዳ የመጣ ሰው ገብቶ ወተትና ቴሌቪዥን ገዝቶ ይወጣል፤ የአባልነት ካርዱንም በየዓመቱ ያሳድሳል። በቤንዚን የማይተዳደር ሰው በቤንዚን ከሚተዳደር ሰው ጋር ሲወዳደር ማን እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነው።

ሕግ አውጪዎች ይህንን ቀደም ብለው አይተውታል። የዊስኮንሲን ክፍለ ሀገር በ1939 ከዋጋ በታች መሸጥን የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ ለቤንዚንም በጅምላው ዋጋ ላይ ቢያንስ 9.18 በመቶ እንዲጨመር ይጠይቃል። ደጋፊዎቹ ትንሹን ነጋዴ ያድናል ሲሉ፣ ተቃዋሚዎቹ ድሀውን ገዢ ይጎዳል ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ልክ ናቸው።

የውድድሩን ፍጻሜ ለማየት ፈረንሳይን መመልከት ይጠቅማል። ካርፉር በ1963 ከፓሪስ አጠገብ በሰንት ዠንቪየቭ ዴ ቧ ትልቁን መደብር ሲከፍት፣ ስፋቱ 2,500 ካሬ ሜትር፣ የመኪና ማቆሚያው 400 ነበር፤ ርካሽ ቤንዚንም አብሮ ይሸጥ ነበር። ያኔ ዝቅተኛውን የቤንዚን ዋጋ የሚወስነው መንግሥት ስለ ነበር፣ የለክሌር መደብሮች ከዚያ በታች ሸጠው ተከሰሱ፤ ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1985 ተበየነ፤ በዚያው ዓመት ዋጋው ነፃ ተለቀቀ። ዛሬ በፈረንሳይ ከሚሸጠው ነዳጅ ከግማሽ በላይ የሚቀዳው ከእነዚህ መደብሮች ነው። በ1980 ወደ 40,000 የሚጠጉ ማደያዎች ነበሩ፤ አሁን ያሉት 11,000 ገደማ ናቸው። ገዢው ረክሶለታል፤ የገጠሩ ሰው ግን ለመቅዳት ሩቅ ይነዳል።

እዚሁ ሜሪላንድ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዊተን፣ ኮስኮ ማደያ ሊሠራ ጠይቆ የአካባቢው ነዋሪዎች ተራ የሚጠብቁት መኪኖች ጭስ ልጆቻችንን ይጎዳል ብለው ለዓመታት ተከራከሩ። የካውንቲው ቦርድ በ2015 ፈቃዱን ከለከለ። መደብሩ አለ፤ ማደያ ግን የለውም። ሰው ቁጭ ብሎ ዋጋውን ከሁሉም ወገን ሲያሰላ እንዲህም ያለ ውሳኔ ሊወጣ ይችላል።

አሁን የራሴን ልናገር። አሜሪካ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ሥራ የሰጡኝ አንድ ያገራችን ሰው ናቸው። ጋሼ እንላቸው ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሠርተው ባጠራቀሙት ገንዘብ አንዲት ትንሽ ማደያ ተከራይተው ያሠሩ ነበር። እኔ ሌሊት ሌሊት ካሸር ሆንሁ። እንግሊዝኛዬ የተፍታታው ከዚያ መስኮት ጀርባ ነው። ጋሼ ለታክሲ ነጂዎች የሞተር ዘይት በዱቤ ይሰጡ ነበር፤ መዝገባቸው ዛሬም በዓይኔ ላይ አለ። መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ታክሲ ስጀምር የመጀመሪያውን ሙሉ ታንክ ያለ ክፍያ የቀዱልኝ እርሳቸው ናቸው።

በኋላ ከመንገዱ ማዶ አንድ ትልቅ መደብር ማደያ ከፈተ። ከጋሼ በጋሎን ስምንት ሳንቲም ይቀንሳል። «እኔ ከምገዛበት በታች እየሸጠ ምን ላድርግ?» ይሉ ነበር። በሁለት ዓመቱ ቁልፉን ለባለንብረቱ አስረከቡ። የማፍርበትን ልናገር፤ ከማዶ ከተሰለፉት አንዱ እኔ ነበርሁ። ታክሲዬን አሻግሬ ስቀዳ እንዳያዩኝ ከፓምፑ ጀርባ እቆም ነበር።

የታሪክ አስተማሪ ነበርሁና ሂሳቡን የሠራሁት ዘግይቼ ነው። በቀን 12 ጋሎን፣ በዓመት 300 ቀን እቀዳለሁ፤ 3,600 ጋሎን ይሆናል። በስምንት ሳንቲም ሲባዛ 288 ዶላር አተረፍሁ። ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ የልጆች የትምህርት ቤት ልብስና ጫማ ይገዛል። ነገር ግን በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ያህል እሰለፍ ነበር፤ በዓመት 100 ሰዓት ነው። ስለዚህ በሰዓት በ2 ዶላር ከ88 ሳንቲም ተቀጥሬ ነበር ማለት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ውድ አንባቢያን፤ ከትልቁ መደብር አትቅዱ ማለቴ አይደለም። ብዙ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ያ ቅናሽ ነፍስ ነው፤ አስቤዛ ሊገዛ የሄደ ሰው በዚያው ቢቀዳ ብልህነት ነው። እኔ የምለው ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ እያየን የዋጋው ሁሉ ያ ነው እንዳንል ነው። ጊዜያችንም፣ በዱቤ የሚያውቀን ሰውም በዋጋው ውስጥ አሉ።

በቅርቡ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደንበኛ አድርሼ ስመለስ ቤንዚኔ ሊያልቅ መብራቱ በራ። ትልቁ ማደያ ከምሽቱ ጀምሮ ዝግ ነው። በልማድ እጄ መሪውን ወደ ጋሼ ማደያ አዞረው። ቦታው ታጥሯል፤ ፓምፖቹ ተነቅለዋል፤ ያ መስኮት በጣውላ ተመትቷል። ጥቂት ቆሜ አየሁትና፣ እንዳላልቅብኝ እየጸለይሁ ቀጣዩን ማደያ ፍለጋ ቀስ ብዬ ነዳሁ።