ፊደላችን በካርቱም ኮምፒውተሮች ላይ ያየው አበሳ

የማኅበራችን ታሪክ ሲወሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ስለ በዓሉ፣ ስለ ሠርጉና ስለ ለቅሶው ነው። እኛ ግን ብዙ ሰው ስለረሳው፣ ያኔ ደግሞ እስከ መኳረፍ ስላደረሰን ክርክር ጥቂት ለማለት ወደድን። ክርክሩ «አማርኛችንን በየትኛው ፕሮግራም እንጻፍ?» የሚል ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ልጆቻችን በስልክ አማርኛ ሲጻጻፉ ነገሩ ድሮም እንዲህ የነበረ ይመስላቸዋል። በ1990ዎቹ እኛ የምንጠቀምበት ዓይነት አንድ ፎንት መያዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ምልክት ነበር፤ ከዚያም ላይ ኮምፒውተሩ ለራሱ ሥራ የያዘው አለ። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። ሏ፣ ቷ፣ ኳ የመሳሰሉት፣ አኃዞቹና አራት ነጥቡ ሲጨመሩ አልበቃም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያም በላይ ፎንት ከፋፈሉት፤ ሁሉም በመሰለው ቦታ ደረደረው። ቪዥዋል ግዕዝም ሆነ ፓወር ግዕዝ የየራሱ አደራደር ነበረው። በአንዱ የተጻፈ «ሰላም» በሌላው ሲከፈት ሰላም አይደለም።

ካርቱም ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረብን። የዐረብኛው ዊንዶውስ የ256ቱን የላይኛውን ግማሽ ለዐረብኛ ፊደላት ይጠቀምበታል። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ጽሑፋችን ሲከፈት ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ዐረብኛ ሆኖ ቁጭ ይላል። አንድ ሱዳናዊ ጎረቤታችን አይቶ፣ «ያ ዞል፣ ፊደሉ የእኛ ነው፤ ቋንቋውስ የማን ነው?» ብሎ ስቆብናል።

በ1997 አሜሪካ በሱዳን ላይ ማዕቀብ ጥላ እስከ 2017 ስላላነሣችው፣ ፕሮግራም በካርድ መግዛት አይታሰብም ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ በፍሎፒ ወይም በሲዲ ያመጣውን እንጠቀማለን። አንዱ ይህን አመጣ፣ ሌላው ያንን። ሁሉም ጣቱ የለመደውን ፕሮግራም እንደ አገሩ ጠላ አመሰገነ፤ ስብሰባችንም በዚህ ብዙ ምሽት አመሸ። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለቱም ወገን ትክክል ነበር፤ ሁለቱም ወገን ግን ከሌላው ጋር የሚስማማ ነገር አልያዘም።

ጉዳቱ የታየው በዕድራችን መዝገብ ነው። መዝገቡን የጻፈልን ወንድማችን ወደ ሌላ አገር ሄደ፤ ኮምፒውተሩም ተበላሸ። ጽሑፉ በፍሎፒ ተርፏል፣ ፎንቱ ግን ጠፋ። ባለቤታቸው ያረፉባቸው አንዲት እናታችን ሲመጡ የሦስት ዓመት መዋጮ መከፈሉን ማሳየት አቃተን። ሽማግሌዎች መስክረው ገንዘቡ ቢሰጣቸውም፣ እትዬ ለብዙ ጊዜ ቀና ብለው አላዩንም። አልፈረድንባቸውም።

መፍትሔው ቀደም ብሎ ተገኝቶ ነበር። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለእያንዳንዱ ፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ ሀ በየትኛውም ኮምፒውተር ሀ ነው። የእኛዎቹ አሮጌ ኮምፒውተሮች ግን አላወቁትም። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ ነው ነገሩ ወደ እኛ የደረሰው። መዝገቡን ከታተመው ወረቀት ላይ እንደገና ጻፍነው፤ ሁለት ገጽ ጎድሎ ነበር።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲነሣ ወረቀቱ በየቤቱ ቀረ። በስልክና በኢሜይል ለአባላት የላክነው አዲሱ መዝገብ ተርፏል። አሮጌዎቹ ፍሎፒዎችም ሦስቱ ከእኛ ጋር ወጥተዋል። የጎደሉት ሁለት ገጾች በእነርሱ ውስጥ ስላሉ፣ የዚያን ጊዜውን ሲዲ ያስቀመጠ ቤተሰብ ካለ ለማኅበሩ ጸሐፊ ቢያሳውቅልን።