መሮውን ማን ሠራው?

ከካራ ብዙም በማይርቀው የየካ ተራራ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ። ያየው ሁሉ ጠራቢውን ያደንቃል። የጠራቢውን መሮ ማን እንደቀጠቀጠው ግን የሚጠይቅ የለም።

የእንጨቱም ታሪክ እንዲሁ ነው። ምኒልክ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ የጽድና የወይራው ደን ለቤትና ለማገዶ ተመነጠረ፤ በኋላ ባሕር ዛፍ ተተካ። ያ ሁሉ እንጨት ያለፈው በቀጥቃጭ ስለት ነው። ቀጥቃጩ ግን «ቡዳ» ይባል ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ቶሎ አልቀረም።

የተናቀው ሙያ ግን ብረት ያውቅ ነበር። መኪና ሲመጣ ቀጥቃጩ ከተጣለ ባሌስትራ መሮ ሠራ። ምርጫው ልክ ነበር። ባሌስትራ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው፤ ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፣ መልሶ በልኩ ሲሞቅ በቀላሉ አይሸራረፍም፣ ሲደነዝም በተራ መሳያ ድንጋይ ቶሎ ይሳላል። ከ1 በመቶ በላይ ካርቦን ያለው አሮጌ ሞረድ ስለቱ ይበልጥ ይቆያል፤ የወይራ ጉጥ ሲያገኘው ግን ሊሸራረፍ ይችላል። 12 በመቶ ክሮሚየም ያለበት የፋብሪካ ብረት ከሁለቱም የበለጠ ስለት ይይዛል፤ አንዴ ከደነዘ ግን ድንጋይ ስለሚያስቸግረው የአልማዝ መሳያ ይፈልጋል።

ድንጋይ ብቻ ላለው አናጢ ደግ ብረት ማለት ስለቱ ረጅም ጊዜ የሚቆየው ሳይሆን፣ ራሱ መልሶ ሊስለው የሚችለው ነው። ይህን ያወቀው ቡዳ የተባለው ሰው ነበር። ስሙን ግን የጻፈለት የለም።