ያልተጻፈው የወንዝ መዝገብ፦ ዲላና ወንዞቿ

ስለ ከተሞቻችን አመሠራረት የተጻፉ ታሪኮች ገበያውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱንና የመኪናውን መንገድ ይጠቅሳሉ፤ ወንዙን ግን እንደ ድንበር ምልክት ካልሆነ በቀር እምብዛም አያነሱትም። ዲላም ከዚህ ልማድ አላመለጠችም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ የቡና ገበያ በመሆኗ ትታወቃለች። ለገዳራና ዋለሜ የተባሉት ወንዞቿ ግን በነዋሪው ዘንድ እንጂ በመጻሕፍት ብዙም አይታወቁም። ከጌዴኦ ደጋ የሚወርዱት ጅረቶች በስምጥ ሸለቆው ወደ ጊዳቦ ተፋሰስና ወደ አባያ ሐይቅ ያዘነብላሉ፤ በመንገዳቸውም ልብስ ያጥባሉ፣ ከብት ያጠጣሉ፣ የሰውን ጥራጊ ይሸከማሉ።

ወንዝን ለረዥም ዘመን እየለኩ መመዝገብ አዲስ ጥበብ አይደለም። የአገራችን ክረምት ምን ያህል እንደ ዘነበ ከእኛ ቀድመው በጽሑፍ ያሠፈሩት ግብፆች ናቸው። በካይሮ አጠገብ በሮዳ ደሴት እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራው የዓባይ መለኪያ ዓምድ ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ ለእኛ የደረሱት የውኃ ከፍታ ቁጥሮችም እ.ኤ.አ. ከ622 ይጀምራሉ። ሀሮልድ ኸርስት የተባለው እንግሊዛዊ የውኃ ሊቅ እነዚህን ቁጥሮች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተመው ጥናት፣ ጥጋብም ድርቅም በየተራ ሳይሆን በዓመታት እየተሰባሰቡ እንደሚመጡ አሳይቷል። እንግዲህ የአምስትና የስድስት ዓመት መዝገብ ብቻ የያዘ ሰው ሊታለል ይችላል ማለት ነው።

በአገራችን የወንዝ ልኬት በስፋት የተጀመረው የዓባይ ተፋሰስ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 በተጠናበት ዘመን ነው። ከዚያም በሌሎች ተፋሰሶች የመለኪያ ጣቢያዎች ተተከሉ፤ ጊዳቦም አፖስቶ አጠገብ ይለካል። የተለካው ግን የውኃው መጠን ነው። መስኖና ኤሌክትሪክ የሚያስብ መሥሪያ ቤት ውኃው ስንት እንደሆነ እንጂ ምን እንደሆነ አይጠይቅምና፣ ጥራቱ ሳይመዘገብ ቀረ።

የዲላ ወንዞች ጉዳይ ያለ ቡና አይነገርም። ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የታጠበ ቡና በጌዴኦ ሲስፋፋ፣ የእሸት ቡና መፈልፈያዎች ውኃ ፍለጋ ወንዝ ዳር ተተከሉ። ከእሸት ቡናው ክብደት 40 በመቶ የሚሆነው ልጣጭ ነው። ልጣጩ ከተገፈፈ በኋላ ፍሬውን የሚሸፍነው የሚያዳልጥ፣ ስኳር የበዛበት ክፍል ተብላልቶ ይታጠባል፤ እጣቢውም ያለ ማጣሪያ ከተለቀቀ ወደ ወንዙ ይገባል። ስኳሩን ለመብላት የሚራቡት ተሕዋስያን በውኃው የሟሟውን ኦክስጂን ይጨርሱታል፤ ውኃው ይጎመዝዛል፣ ይጠቁራል፣ ይሸታል። እዚህ ላይ የሙያ ባልደረቦቼን አንድ ነገር ላስታውስ። የባሕር ወለልን መሠረት ያደረገው ሠንጠረዥ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሊትር 9 ሚሊግራም ኦክስጂን ይሰጣል፤ 1,500 ሜትር ከፍታን ባለፈችው ዲላ ግን ንጹሕ ውኃ እንኳ ከ7.5 ሚሊግራም ብዙም አይበልጥም። ይህን ያላረመ መርማሪ ጤነኛውን ወንዝ በሽተኛ ነው ይላል።

ሁለተኛው ምክንያት ከተማዋ ራሷ ናት። በ1987ቱ ቆጠራ 33,734 የነበረው የዲላ ሕዝብ በ1999ኙ ቆጠራ 59,150 ደርሷል። የጉድጓድ መጸዳጃው፣ የልብስ ማጠቢያው፣ የጋራዡ ዘይትና የገበያው ቆሻሻ በዚያው ልክ አደጉ። ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ክርክር የሚነሣውም ከዚህ ነው። ከተማው መፈልፈያውን ይከሳል፤ መፈልፈያው ከተማውን።

ክርክሩን የሚፈርደው ጊዜ ነው። የቡናው እጣቢ የሚመጣው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት የለቀማ ወራት ሲሆን፣ እነዚህም የክረምቱ ውኃ የሚጎድልባቸው ወራት ናቸው። የከተማው ፍሳሽ ግን ወቅት አይጠብቅም፤ የሰገራ ተሕዋስያንና ናይትሬቱ በመጋቢትም በሰኔም አሉ። በዓመት አንድ ቀን በኅዳር የተቀዳ ውኃ ሁለቱን ደባልቆ ያሳያል። ዓመቱን በሙሉ ከከተማው በላይ፣ በመካከሉና በታች የተቀዳ ውኃ ግን እያንዳንዱን ለየብቻው ይናገራል። በድንጋይ ሥር የሚኖሩት የነፍሳት እጮችም ምስክሮች ናቸው፤ ኦክስጂን የሚሹት ከጠፉና ቀይ ትሎች ከበዙ፣ ጠርሙስ ያልደረሰበት ያለፈው ሳምንት ምን ይመስል እንደነበረ ይታወቃል።

ሕግ አልጎደለም። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ወጥተዋል። ትምህርት ቤትም አልጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በኮሌጅነት የተከፈተው የዲላው ተቋም ከአሥር ዓመት በኋላ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ነገር ግን የመመረቂያ ጥናት ዕድሜው አንድ ወይም ሁለት የቡና ወቅት ነው። ተማሪው ይመረቃል፣ ወንዙ ይቀራል። የሚቀጥለውም ሌላ ቦታ፣ በሌላ ወር፣ በሌላ መሣሪያ ይጀምራል። በእኔ አስተያየት የጎደለን የመሣሪያ ብዛት አይደለም፤ አንድን ድልድይ ሃያ ዓመት የሚመላለስበት ሰው ነው።

ቁጥሩ ደግሞ ታሪክን ይፈልጋል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቅሎ በትምህርት ቤቶችና በመጋዘኖች ተጠልሎ ነበር። የዚያን ዓመት የወንዝ ልኬት ይህን ሳያውቅ የሚያነብ ሰው ምን ብሎ ይተረጉመዋል?

የአዲስ አበባን ያየ የመዘግየትን ዋጋ ያውቃል። የአቃቂ ወንዞች የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ተሸክመው የሚያርፉት፣ ከአገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ በሆነው በአባ ሳሙኤል ግድብ ነው። ተመራማሪዎች በወንዞቹ ውኃ በሚለማው አትክልት ላይ ከባድ ብረቶችን ያገኙት ልማቱ ሥር ከሰደደ በኋላ ነበር። ያለፈውን ለማወቅ የቀረው መንገድ የግድቡን ደለል በቱቦ እየነቀሉ ንብርብሩን ማንበብ ነው፤ ጭቃው ሰው ያልጻፈውን ጽፏልና። ዲላ ግን እንዲህ ያለ አሮጌ ግድብ የላትም፤ የጊዳቦው የተመረቀው በ2011 ዓ.ም. ነው።

ለዲላ የቀረላት ሀብት ከከተማው በላይ ያለው ነው። በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዐ ምድር፣ እንሰቱን፣ ቡናውንና አገር በቀል ዛፉን በአንድ ቁልቁለት ላይ አጣምሮ አፈሩን ይዟል። ከእርሱ ሥር የሚወጣው ውኃ፣ ከታች የሚለካው ሁሉ የሚመዘንበት መነሻ ነው። የቤቱ ሥራ በየዓመቱ ዳገቱን ሲወጣ መነሻውም አብሮ ወደ ላይ ይሸሻል። ዛሬ ጠርሙስ ቢገባበት የሚያገለግለው ነጥብ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመንደር ቦይ ሊሆን ይችላል።